ያስተኟት

ሱብሂ ሰግጄ እንደጨረስኩ የወጥ ጭልፋ ይዤ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተንበረከክሁና ድመቷ እስክትሸና መጠበቅ ጀመርኩ። ክሊኒኩ ባለፈው ሳምንት በፖስታ አንድ ከረጢት የፕላስቲክ ፍሬ፣ አንዲት ክዳን ያላት ብልቃጥና አንዲት መንጠቢያ ልኮልን ነበር። አሸዋዋን ድፉና ይህን ፍሬ አድርጉላት፣ ፍሬው ሽንት አይመጥም፣ ስትሸና በመንጠቢያው ቀድታችሁ በብልቃጡ አምጡ ይላል ወረቀቱ። በስልክ የተረጎመችልኝ ልጄ ፍርዶስ ናት። ሚልኪ ግን አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አሸዋ ላይ የተጸዳዳች ድመት ናት። ፍሬውን በፊት እግሯ ነካ ነካ አደረገችና ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሰው ቤት ያደረ እንግዳ ይመስል አፍራ ወጣች። ሁለት ጊዜ መለስኳት፤ ሁለቴም ወጣች። በመጨረሻ የገላ መታጠቢያው ጥግ ሄዳ ቁጢጥ ስትል ጭልፋውን ከኋላዋ ሰደድኩት። ብልቃጧ ከግማሽ በላይ ሞላች። ሽንቱ እንደ ቧንቧ ውሃ የጠራ ነበር፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። እኔ ከማንኛውም ነገር ክፉውን የማስብ ሴት ይህን ሳይ ግን ደስ አለኝ። የጠራ ነገር ጤና ነው ብዬ ብልቃጧን በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ጭልፋውን ጣልኩት።

ስሟን ያወጣችላት ፍርዶስ ናት፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች። ነጭ ስለሆነች በእንግሊዝኛ ወተት የመሰለች ለማለት ነው። ባሌ ሙሳ ደግሞ የጅማ ሰው ነው። በኦሮምኛ ሚልኪ ማለት ገድ ነው፣ ገድ ይዛልን መጣች ብሎ በዚያው ተቀበላት። አባትና ልጅ በአንድ ስም ሁለት ነገር እየጠሩ ዓመታት ኖሩ፤ አንድ ቀን እንኳ አልተጣሉበትም። ያልፈለግኋት እኔ ነበርኩ። የድመት ጸጉር አስም ያመጣል ሲሉ ሰምቼ፣ የተኛ ሕፃን አንገት ላይ ትጋደማለች ሲሉ ሰምቼ። ሙሳ ሲሰግድ መስገጃው ቀኝ ጫፍ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ ጆሮውን ታሸተዋለች፣ እሱም ሳቁን ይዞ ሶላቱን ይጨርሳል። እሱ ባለፈው ዲሴምበር በኮቪድ ከሞተ ወዲህ የምትቀመጠው የእኔ መስገጃ ቀኝ ጫፍ ላይ ነው። ጆሮዬን ግን አሽታኝ አታውቅም። እኔም ልቅረባት ብዬ አላውቅም፤ ብቻ በየማለዳው ሁለታችን እዚያ አለን።

ከጃንዋሪ ወዲህ ውሃ አበዛች። ጎድጓዳ ሳህኗን ጠዋት እሞላላታለሁ፣ ከሥራ ስመለስ ደረቅ ነው። ጀርባዋን ስዳስሰው አጥንቷ እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ ይገኛል። ባለፉት ሦስት ቀናት ደግሞ ምግቧን አሽትታ ትመለስ ጀመር። ለፍርዶስ በስልክ ስነግራት፣ እማ፣ አረጀች እኮ፣ ያረጁ ድመቶች ስክሪኒንግ አላቸው፣ ደም፣ ሽንት፣ የደም ግፊት፣ ሆዷን በአልትራሳውንድ፣ ሁሉን በአንድ ቀን ያያሉ አለችኝ። እሷ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ቀጠሮውን በኢንተርኔት ይዛ፣ በራሷ ስም አስመዝግባ፣ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ዶላሩን ካፌ ሠርታ ካጠራቀመችው ከፍላ ጨረሰች። ከብልቃጧ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ የድመት ዕድሜ በሰው ዕድሜ ሲመነዘር የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ። ከአሥር ዓመት በላይ ሲኒየር ይሏታል። አሥራ ሦስት ዓመት የሰው ስድሳ ስምንት ነው። እኔ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ቤቱ ውስጥ ትልቋ እሷ ሆና ኖራለች፣ ሳናውቅ።

ኦቤትስ መጋዘን አብራኝ ሳጥን የምታሽግ ማዘንጊያ የምትባል ልጅ አለች፤ ለፈቃድ ሱፐርቫይዘሩ ጋ ስሄድ የምታናግርልኝ እሷ ናት። ድመት ላስመረምር ነው በይልኝ ስላት ሳቋ ማሽኑን በለጠው። አንቺ እትዬ ኑራ፣ የጡት ምርመራ በነጻ ነው ሂጂ ብዬ ሁለት ዓመት ስለምንሽ ሥራ አለኝ ትያለሽ፣ ለድመት ሲሆን ግን ዴይ ኦፍ ይወሰዳል ወይ አለችኝ። ምርመራ ማለት ለእኔ በሽታ ፍለጋ መሄድ ነው፤ ሰው ፈልጎ የሚያጣው ነገር የለም። ለሱፐርቫይዘሩ የቤተሰብ ሕመም ነው ብላ ነገረችልኝ። በወጣን ጊዜ፣ ውሸት አይደለም፣ ካንቺ ጋር የቀረች ቤተሰብ እሷ ብቻ አይደለች እንዴ አለችኝና ወዲያው ደንግጣ ሌላ ወሬ አመጣች።

ከምንኖርበት ከሬይኖልድስበርግ ክሊኒኩ እስካለበት ኖርዝላንድ በሃይዌይ ሃያ ደቂቃ ነው፤ እኔ ሃይዌይ አልገባም። ከኋላ የሚመጣው ትልቅ መኪና የሚያየኝ አይመስለኝም። በሃሚልተን መንገድ፣ በየመብራቱ እየቆምኩ፣ ሃምሳ ደቂቃ ነዳሁ። መኪናው የሙሳ ኮሮላ ነው። የሚልኪን ሳጥን ከአጠገቤ ወንበር ላይ በቀበቶ አሰርኩት፤ ብርድ እንዳይመታት የሙሳን ቡናማ ሹራብ ጣል አደረግኩበት። የምትተኛበት ሹራብ ነው፤ ከሞተ ወዲህ አላጠብኩትም፣ እሷም ከሱ ሌላ ላይ አትተኛም። ሌላ ጊዜ መኪና ውስጥ ስትገባ ጩኸቷ ጆሮ ይበጥስ ነበር። ዛሬ ዝም አለች። በየቀይ መብራቱ ሹራቡን ገለጥ አድርጌ ትተነፍስ እንደሆነ አያለሁ። ከኋላዬ ጡሩንባ ይነፉብኛል።

ክሊኒኩ ሞርስ ሮድ ላይ፣ በአንድ ጥፍር ቤትና በአንድ የታክስ ቢሮ መሀል ያለ ነው። በኮቪዱ ምክንያት ባለቤቶችን ስለማያስገቡ ፓርኪንጉ ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች አቁመዋል። አራት ቁጥር ላይ ቆምኩና ሰሌዳው ላይ ወዳለው ስልክ ደውዬ ሚልኪ፣ ነምበር ፎር አልኩ፤ ለዚህ ያህል እንግሊዝኛ አላንስም። ሰማያዊ ልብስ የለበሰች፣ ማስክ ያደረገች ወጣት ልጅ ወጣች። ሳጥኑን አንስታ፣ ብልቃጧን ተቀብላ፣ ሹራቡን መለሰችልኝ። ዓይኗ ይስቃል። ስትሄድ ሚልኪ በሳጥኑ ሽቦ በኩል ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። የመስታወቱ በር በራሱ ተከፍቶ በራሱ ተዘጋ።

እንዲህ ያለውን በር አውቀዋለሁ። ሙሳ ከኦቤትስ የሌሊት ሺፍት ትኩሳት ይዞ የመጣ ዕለት፣ አምቡላንስ ልጥራ ስትል ፍርዶስን የከለከልኳት እኔ ነኝ። በሚያዝያ ሆስፒታል የሄዱት ሁሉ አልተመለሱም፤ ሆስፒታል ከገባ አይወጣም ብዬ ፈራሁ። አምስት ቀን ቤት አቆየሁት። ዝንጅብል አፈላሁ፣ ጀርባውን አሸሁ፣ ቁርአን ከፈትኩ። በስድስተኛው ቀን ከንፈሩ ሲጠቁር ነው የወሰድነው፤ ያኔም አልጋ የለም ተብሎ ሁለት ቀን ኢመርጀንሲ ኮሪደር ላይ ቆየ። እኛ ፓርኪንግ ውስጥ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ለፍርዶስ ደወለላት። ረዘም ላለ ጊዜ በእንግሊዝኛ አነጋገራት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ እማ፣ አባን ያስተኙታል አለችኝ። አልሐምዱሊላህ አልኳት። እኛ አገር ሐኪም ይተኛ ካለ አልጋ ተገኘ ማለት ነው፤ እናቴ አዲስ አበባ ስትታመም ትተኛ እስክትባል ሦስት ሳምንት በር ላይ ተመላልሰናል፣ የተባለች ቀን እልል ብለናል። ወዲያው አንዲት ነርስ በቪዲዮ አሳየችን። የሰጡህን ሁሉ ብላ፣ ምግብ እንዳትመልስ፣ ደርሰን እናይሃለን አልኩት። አፉ ላይ ጭምብል ስላለ በዓይኑ ነው እሺ ያለኝ። ፍርዶስ አንድም ቃል አልወጣትም። በማሽን ላይ አሥራ አንድ ቀን ተኝቶ በአሥራ ሁለተኛው ሞተ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይመላለሳል። አምስቱን ቀን ቤት ባላቆየው፣ ቶሎ ባስተኛው ኖሮ ይተርፍ ነበር።

ስልኩ ሲጠራ ሹራቡ ጭኔ ላይ ነበር። ክሊኒኩ የሚያወራው ከፍርዶስ ጋር ነው፣ ፍርዶስ ደግሞ ለእኔ ትደውላለች። ደሟን ወስደዋል፣ ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል፣ አሁን ሆዷን ሊያዩ ነው አለችኝ። ድምጿ ደህና ነው። ምሳ በልተሻል ወይ አለችኝ፤ አዎ አልኩ፣ አልበላሁም። ከፊቴ ቁጥር ሦስት ላይ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከመኪናቸው ወርደው አንድ ትልቅ ጥቁር ውሻ አቅፈው ሲያወርዱ አየሁ። ውሻው መቆም አቅቶታል። ሌላኛዋ ልጅ መጥታ ውሻውንም ሽማግሌውንም አስገባቻቸው። እኔን ሳያስገቡኝ እሳቸውን ለምን አስገቡ ብዬ ትንሽ ከፋኝ፤ ወይ ሀብታም ናቸው ወይ እንግሊዝኛ ስለሚችሉ ነው አልኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሽማግሌው የውሻውን ማሰሪያ ብቻ እጃቸው ላይ ጠቅልለው ወጡ። መኪና ውስጥ ገብተው ሞተሩን ሳያስነሱ ቆዩ። አሳዘኑኝ። ውሻው ሞተባቸው መሰለኝ፣ ያ አላህ የኔዋን አደራ አልኩ።

ፍርዶስ እንደገና ስትደውል አንድ ሰዓት አልፎ ነበር።

"እማ፣ ኪድኒዎቿ ጥሩ አይደሉም። ሁለቱም። ሆዷ ውስጥ ደግሞ ትልቅ ነገር አገኙ። እብጠት።"

"ሽንቷ የጠራ ነበር እኮ። ራሴ ነኝ የያዝኩት።"

"እሱ ነው ፕሮብሌሙ። ኪድኒው ስለማይሠራ ነው እንደ ውሃ የሚሆነው።" አፍንጫዋን ሳበች። "ዶክተሯ በጣም ፔይን አላት አለች። ድመት አያሳይም አለች። ሶ... ያስተኟታል። አንቺ እሺ ካልሽ።"

አሁን ሳስበው እዚያ ላይ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን የሰማሁት ያን ቃል ብቻ ነው። ልቤ ውስጥ የነበረው ነገር ሁሉ ተነስቶ ቆመ። እምቢ ልበል፣ ቤት ልውሰዳት፣ አምስት ቀን ላቆያት፣ ከንፈሯ ይጥቆር? አንድ ጊዜ አደረግኩት፤ ሁለተኛ አላደርገውም።

"ዛሬ?" አልኳት።

"ዛሬ ይሻላል አለች። ቤት ከተመለሰች..."

"ቤት አትመለስም። ያስተኟት። አሁኑኑ ያስተኟት፣ አትዘግዩ በያቸው።"

ከበስተኋላዋ የሆነ በር ሲዘጋ፣ ልጆች ሲስቁ ይሰማኛል። ሹር ነሽ አለችኝ፤ ሹር ነኝ አልኳት። ከዚያ፣ እኔ ከዚህ ሳይን አደርጋለሁ፣ አንቺ ግን ከፈለግሽ መግባት ትችያለሽ፣ ለዚህ ለዚህ ያስገባሉ፣ ከሷ ጋር መሆን ትፈልጊያለሽ አለችኝ። ይህንንም በራሴ መንገድ ነው የሰማሁት። ገብቼ ዳስሻት ስወጣ እንዴት እንደምትጮህ አሰብኩ። ፍርዶስን የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ትቻት ስወጣ መስኮቱን እየደበደበች ያለቀሰችው ለቅሶ ትዝ አለኝ። ባዶ ክፍል፣ የማታውቃቸው ሰዎች፣ እኔ ደግሞ መጥቼ የምሄድ። አይሆንም አልኩ።

"ካየችኝ ትረበሻለች። ተያት፣ ትረፍ።"

"ኦኬ፣ እማ።" ድምጿ ቀጠነ። "እኔ በቪዲዮ አያታለሁ።"

"እዪያት። ለእኔም ሳሚልኝ።"

ስልኩን ስዘጋ ደስ ብሎኝ ነበር። እንዴት ብዬ ልናገረው። ዕድሜዬን ሙሉ ስልክ ሲጠራ መርዶ፣ በር ሲንኳኳ ፖሊስ፣ ልጄ ሳል ስትስል ሳንባ ነው የማስበው። ያን ቀን ግን ደግ አሰብኩ። የፈረንጅ አገር ለድመት አልጋ አለው፤ መርፌ ይወጓታል፣ በክንዷ ውሃ ይሰጧታል፣ እብጠቱንም ያወጡላታል። በሁለት በሦስት ቀን ትመለሳለች። ካልሆነም በሳምንት። ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ደግሞ ባዶ እጅ አይጠየቅም፤ እኛ ቤት ለተኛ ሰው ፔርሙስና ብርድ ልብስ ይዞ መሮጥ ነው። ከመኪናው ወርጄ ፓርኪንጉን ተሻገርኩና ከማዶ ያለው የጋሼ ገብረኪዳን ሱቅ ገባሁ።

ጋሼ ገብረኪዳን ከሙሳ ጋር ድሮ ታክሲ አብረው የነዱ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ጠባብ ነው፤ ሽሮው፣ በርበሬው፣ የስልክ ካርዱ፣ የሐጅ ማስታወቂያውና የደብረ ዘይት ጉባኤ ፖስተሩ አንድ ግድግዳ ላይ ተደራርቦ ይኖራል። ሙሳ ከሞተ ወዲህ በገባሁ ቁጥር ቀና ብለው ያዩኝና ዓይናቸውን ወደ ሚዛኑ ይመልሳሉ። በውሃ የታሸገ ቱና ይኖርዎታል ወይ አልኳቸው፤ ጨው የሌለው። ለማን ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። ድመታችን ታማ እዚህ ክሊኒክ አስተኟት፣ ማታ ሲርባት ይሰጧታል ብዬ ነው አልኳቸው። ሳቁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቁ አየኋቸው። በዚች አገር ሰው አልጋ አጥቶ ኮሪደር ይተኛል፣ ድመት አልጋ ታገኛለች፣ ሙሳ ይህን ቢሰማ አንድ ሳምንት ያወራው ነበር አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ያወራው ነበር። ከመደርደሪያው ሁለት ቆርቆሮ አወረዱልኝና ቦርሳዬን ስከፍት እጄን መለሱት። ለበሽተኛ ነው፣ ከኔ ይሁን አሉ። እግዜር ይማራት ካሉ በኋላ ቆም ብለው፣ አላህ ይማራት አሉ፣ ለእኔ ብለው። አሜን አልኩ፤ ለሁለቱም።

መኪናዬ ጋ ስደርስ ሹራቡን አነሳሁ። ሽቶ የለው፣ ሳሙና የለው፣ የሱና የሷ ሽታ ነው ያለው፤ ይህን ከሥሯ ካደረጉላት አዲስ ቤት አይመስላትም አልኩ። አጥፌ፣ ቱናውን ከላይ አስቀምጬ፣ ወደ መስታወቱ በር ሄጄ በጣቴ አንኳኳሁ። ያችው ልጅ ናት የመጣችው። እጇ ላይ የሚልኪን ሳጥን ይዛለች። የያዘችበት አያያዝ ቀላል ነገር የያዘ ሰው አያያዝ ነው፤ ያን አየሁ፣ ግን ሳጥኑን ሊመልሱልኝ ነው እንጂ ሌላ አላሰብኩም። የያዝኩትን ዘረጋሁላት። ፎር ሚልኪ አልኳት። ቱናይት፣ ሺ ላይክ አልኳት። ልጅቷ ሹራቡን አየችው፣ ቱናውን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከማስኩ በላይ ያለው ዓይኗ ቀስ እያለ እንባ ሞላ።

"አይም ሶ ሶሪ ፎር ዮር ሎስ" አለችኝ።

እንግሊዝኛ ብዙ ያመልጠኛል። ያን ዓረፍተ ነገር ግን ከየትኛውም ቋንቋ በላይ አውቀዋለሁ። ሐኪሙ ብሎኛል፣ ነርሷ ብላኛለች፣ የሙሳ ሱፐርቫይዘር ብሎኛል፣ ባንክ ቤት ስሙን ላሰርዝ ስሄድ ልጁ ከመስኮቱ ኋላ ሆኖ ብሎኛል። ሌላ ትርጉም የለውም። ልጅቷ ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጠችልኝና ሁለቱን እጆቿን በእጄ ላይ፣ በሹራቡ ላይ አደረገች። መንካት ክልክል በነበረበት ዘመን ነው ይህ። ቱናዎቹ አንዱ ተንከባሎ ወደቀ፤ ጎንበስ ብላ አንስታ መልሳ ሰጠችኝ።

መኪና ውስጥ ሳጥኑን ከፈትኩት። ቀይዋ የአንገት ማሰሪያዋ አለች፣ ቃጭሏ እንዳለ። አንድ ክብ የሸክላ ነገር አለ፣ እርጥብ፣ የእግሯ መዳፍ የታተመበት፤ አራት ትንንሽ ጣት። ለካ ፍርዶስ ያስተኟታል ያለችኝ በእንግሊዝኛው ልማድ፣ እንዳትሰቃይ በመርፌ ይገድሏታል ለማለት ነው። ሚልኪ ከዚያ በር ውስጥ፣ ሃያ እርምጃ በማይሆን ቦታ፣ ብቻዋን ነበረች። ለሙሳ ግቢ ያለኝ አልነበረም፤ ብለምን ብጮህ አላስገቡኝም። ለዚች ግን ግቢ ተባልኩ። በሩ ተከፍቶልኝ፣ አይ፣ ካየችኝ ትረበሻለች አልኩ። ትረፍ አልኩ። እኔ እረፍት ማለቴ ነው፤ ልጄ ግን ይህን ቃል የሰማችው በአባቷ ሐዘን ቤት ነው፣ እያንዳንዱ ጠያቂ በገባ ቁጥር ጋሼ ሙሳ መቼ ነው ያረፉት ሲል።

ከዚያ ቀስ ብሎ ሌላው መጣ፤ ከዚህ የባሰው። አባን ያስተኙታል ስትለኝ ድምጿ ልክ እንደዛሬው ነበር። ቀጭን። ሐኪሙ ያን ያህል ጊዜ ያነጋገራት አልጋ ተገኘ ለማለት አልነበረም። በመድኃኒት እናስተኛዋለን፣ ማሽን እናስገባለታለን፣ ላይነቃ ይችላል፣ ተሰናበቱት ብሎ ነው። በሦስት ዓመቷ እዚህ የመጣች ልጅ ይህን ሁሉ በየትኛው አማርኛ ትንገረኝ? ያላትን አንድ ቃል ሰጠችኝ። ቃሉንም ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ትንሽ ሆና ሁሌ፣ ሚልኪን አስተኚያትና መጥተሽ ተኚ እላት ነበር። እኔም አልሐምዱሊላህ ብዬ ባሌን ምግብ እንዳትመልስ ብዬ ተሰናበትኩት። እሱ ያኔ ያውቅ ነበር ወይ? በዓይኑ እሺ ሲለኝ የቱን ነው እሺ ያለው?

ስልኩ ጠራ። ሁለት ጊዜ እስኪቋረጥ አላነሳሁትም። ቁጥር ሦስት ላይ የነበሩት ሽማግሌ ሄደዋል፤ በቦታቸው አንዲት እርጉዝ ሴት ትንሽ ሳጥን ይዛ ትጠብቃለች፣ ከሳጥኑ ውስጥ የድመት ግልገል ይጮሃል። በሦስተኛው አነሳሁት። አለቀሰች፣ አዳመጥኳት። ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ። እኔ እኮ አልጋ ያገኘች መስሎኝ ነው፣ የአባትሽንም እንደዚያው፣ አንቺ ያልሽው ሌላ እኔ የሰማሁት ሌላ ልላት። ከዚያ ማሰብ የማልፈልገውን አሰብኩ፤ ይህን ከሰማች በቀሪ ዕድሜዋ ስንት ሌሊት ያን ቃል ስታገላብጥ እንደምታድር። እኔ አምስት ቀን ስቆጥር እንደማድረው።

"እማ፣ እምቢ ትያለሽ ብዬ ነበር" አለችኝ። "ዶክተሯን እናቴ እምቢ ትላለች ብያት ነበር። አንቺ ግን ወዲያው አሁኑኑ ስትይ... በጣም ስትሮንግ ነሽ። የአባም ጊዜ እንደዚህ ነበርሽ። አልሐምዱሊላህ ስትይ እኔ መናገር አቃተኝ። እኔ እንዳንቺ መሆን ነው የምፈልገው።"

ሹራቡን ፊቴ ላይ ያዝኩት እንዳትሰማኝ።

"ትሰሚኛለሽ?" አለችኝ።

"እሰማሻለሁ።"

"ቪዲዮው ተቋረጠብኝ። መጨረሻውን አላየሁም።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ልጅቷ ምን አለችሽ? አልተሰቃየችም? ደህና ተኛች?"

የሸክላውን መዳፍ በአውራ ጣቴ ነካሁት፤ ገና አልደረቀም፣ ጫፉ ላይ የእኔ ጣት ታተመበት። ቃሉን እሷ እንደምትለው አድርጌ፣ እንደሷ አድርጌ መለስኩላት።

"አዎ፣ ልጄ" አልኳት። "ደህና ተኛች።"